በእናት ወገን ስለሚወረሰው የደም አለመርጋት በሽታ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ ሒሳብ ከተሰማና ዕቃ ከተቆጠረ በኋላ ከአባላት አንዱ ስለ አንድ ጠቃሚ ነገር ይናገር በተባለው ልማድ መሠረት የዘንድሮው ተራ ለእኛ ደርሶናል። ስለ ድንኳኑ ቀዳዳና ስለ ጠፉት ድስቶች ብዙ ስለ ተባለ እኛ አንደግመውም። የምንናገረው በዘር ስለሚወረሱ በሽታዎች፣ ይልቁንም ደም አልረጋ ስለሚልበት በሽታ ነው። «መቼ ደግሞ ሐኪም ሆናችሁ?» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። የቀለም ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ 34 ዓመት የሠራነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። ነገር ግን የዚህን እድር የሟቾች መዝገብ 20 ዓመት የያዝነው እኛ ነን፤ ንግግራችንም የሚነሣው ከዚያው መዝገብ ነው። የሕክምናውን ነገር ሐኪም ጠይቀን፣ ያልገባንን እየመላለሱ አስረድተውን ነው የጻፍነው።

በ1998 ዓ.ም. ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ፤ በስምንተኛውም ቀን ተገረዘ። ደሙ ግን አልቆም አለ። አባትየው በዚያች ሌሊት ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ሦስት ቤት አንኳኳ። ገንዘቡ ተገኝቶ ሲወጡ ጎሕ ሊቀድ ነበር፤ ሕፃኑ መንገድ ላይ ዐረፈ። ገራዡ «እጁ ከባድ ነው» ተባለ፤ እኛም በመዝገቡ ላይ የአባቱን ስም ጽፈን፣ ከምክንያቱ ቦታ «በድንገት» ብለን ሞላን።

በ2003 ዓ.ም. በዚያው ቤት ሁለተኛው ወንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይኸኛውን ከፊተኛው የተነሣ ፈርተው አላስገረዙትም። ከበረንዳ ደረጃ ወድቆ ራሱን ተመታ። ደም አልታየም፤ አልቅሶ አልቅሶ ተኛ። ማታ አስመለሰው፤ ሲነጋ አልነቃም። አሁንም «በድንገት» ብለን ጻፍን።

ከዚህ በኋላ ሰው ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ። አንዱ «ቤቱ የተሠራበት ቦታ ጥሩ አይደለም» አለ። ሌላው ቡዳ ነው አለ። አብዛኛው ግን እናትየዋን ሾተላይ አላት። የባልየው ዘመዶችም «ይህቺ ሴት ወንድ ልጅ አታሳድግልህም፤ ፍታትና ሌላ አግባ» እስከ ማለት ደረሱ። እኛ ይህን አላልንም ብንል ውሸት ይሆናል። ለቅሶ ቤት ካርታ ስንጫወት ወሬው ሲነሣ ራሳችንን ነቅንቀናል። ራስ መነቅነቅም እኮ ንግግር ነው።

ሦስተኛው ወንድ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ተወለደ። በስድስተኛው ሳምንት ክትባት ሲከተብ ጭኑ አብጦ ጠቆረ። እናቱ በዐሥረኛው ሳምንት ለሁለተኛው ክትባት ስትሄድ አንዲት ወጣት ነርስ እብጠቱን ዳብሳ አየችና መርፌውን አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«እኅቴ፣ ወንድም አለሽ?»

«ነበረኝ። በልጅነቱ ጥርሱን ነቅለውት ሲደማ ሰንብቶ ሞተ።»

«እኅትስ?»

«አለችኝ፤ ሌላ ሰፈር ናት።»

«ወንድ ልጅ ወልዳለች?»

«አንድ ነበራት። ግግ ነው ብለው ድዱን ሲያወጡለት በደም ሞተባት።»

ነርሷ ሌላ አልጠየቀችም፤ የሪፈር ወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ደሙ ተመረመረና ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ መሆኑ ታወቀ። ያ ልጅ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ነው። ወላጆቹ ይህን እንድንናገር ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

እንግዲህ ይህ በሽታ ምንድን ነው? ሰው ሲቆረጥ ደሙ ጥቂት ፈስሶ ይረጋል። የሚያረጋው በደም ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ ነው። ሐኪሞች በቁጥር ይጠሯቸዋል። ስምንተኛው የጎደለበት ሰው የሄሞፊሊያ «ኤ»፣ ዘጠነኛው የጎደለበት ደግሞ የሄሞፊሊያ «ቢ» በሽተኛ ይባላል። «ኤ» የሚባለው ከሚወለዱ 5,000 ወንዶች አንዱን ያህል ይይዛል፤ «ቢ» የሚባለው ከዚያ የበለጠ ብርቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። የእነዚህ ልጆች ደም ከሌላው ሰው ደም ፈጥኖ አይፈስም፤ ችግሩ አለመቆሙ ነው። ሌላው በአምስት ደቂቃ የሚቆምለት ለእነሱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። የባሰው ደግሞ ወደ ውስጥ ሲፈስ ነው፤ ማንም አያየውምና።

ታዲያ ለምን ወንዶቹን ብቻ እየመረጠ ይገድላል? ይህ ነው ብዙ ቀን ያስቸገረን። በኋላ በራሳችን ሥራ ስናስበው ገባን። በመዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲጻፍ ዋናውና ግልባጩ ይቀመጣል። አንዱን አይጥ ቢበላው በሌላው ሥራ ይሠራል። በሰው ገላ ውስጥም እንዲሁ ነው። ገላችን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈባቸው 46 ጥቅሎች በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አሉ፤ ሐኪሞች ክሮሞዞም ይሏቸዋል። 23ቱን ከእናት፣ 23ቱን ከአባት እንወስዳለን። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሁለት ቅጂ አለው ማለት ነው።

ወንድነትንና ሴትነትን የሚለየው ጥንድ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ሴት ልጅ «ኤክስ» የሚባለውን ሁለት አላት፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። ወንድ ልጅ ከእናቱ አንድ «ኤክስ»፣ ከአባቱ ደግሞ «ዋይ» የሚባለውን ትንሹን ያገኛል። የደም ማርጊያው ትእዛዝ የተጻፈው «ኤክስ» ላይ ነው። ሴቲቱ አንዱ ቢበላሽባት ግልባጩ አላት፤ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ወንዱ ግን ግልባጭ የለውም። የተበላሸው ከደረሰው በቃ፣ ያው ነው።

የተበላሸውን አንድ ቅጂ የያዘች እናት ተሸካሚ ትባላለች። ከእሷ የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ነው፤ የፊተኛው ልጅ ታመመ ማለት የሚቀጥለው ይድናል ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይወረወራል። በሽታው ያለበት ወንድ አድጎ ሲወልድ ደግሞ ወንዶች ልጆቹ ከእሱ አይወርሱትም፤ «ዋዩን» ነው የሰጣቸው። ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ስለዚህ በሽታው ከአያት በሴት ልጅ በኩል ተሻግሮ የልጅ ልጅ ላይ ብቅ ሲል «ከየት መጣ?» ይባላል።

የተከበራችሁ አባላት! እኛን ያሳዘነን እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ መዝገባችንም የተዘጋጀው በአባት ስም ነው። በሽታው የሚሄደው ግን በእናት በኩል ነው። የእናትየዋ ወንድም የሞተው በሌላ አገር፣ የእኅቷ ልጅ የተቀበረው በሌላ እድር ነው። 20 ዓመት ሙሉ በጥሩ ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ስንጽፍ የኖርነው መዝገብ ዋናውን ነገር የሚያሳይ አምድ አልነበረውም። ነርሷ ያገኘችው ጥበብ ሌላ አይደለም፤ በእናት በኩል ጠየቀች፣ በቃ።

የጥንት ሰዎችም ይህን ልብ ብለውት ነበር። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ ከ1,500 ዓመት በፊት፣ የአንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች በግርዘት ምክንያት ከሞቱ ሦስተኛው አይገረዝ የሚል ሐሳብ ተጽፏል። የሦስት እኅትማማቾች ልጆች ተገርዘው ስለ ሞቱ የአራተኛይቱ ልጅ እንዳይገረዝ መደረጉም በዚያው አለ። ጂን የሚባለውን አያውቁም፤ ግን የእኅትማማቾችን ልጆች አንድ ላይ ቆጠሩ።

በሽታው ደግሞ ድሃና ሀብታም አይለይም። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሸካሚ ነበረች። ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ በዚህ በሽታ ሲሠቃይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1884 ወድቆ ከተመታ በኋላ በ30 ዓመቱ ሞተ። የልጇ ልጅ አሌክሳንድራ የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስን አግብታ የወለደችው አልጋ ወራሽ አሌክሲም ይኸው በሽታ ነበረበት። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1918 ከተገደለ በኋላ ዐፅማቸው ሲመረመር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሄሞፊሊያ «ቢ» እንደ ነበር ታወቀ። የእነዚያ ቤተ መንግሥቶች መሬትም ተረግሞ ነበር እንዴ? የቪክቶሪያንስ ቤት ቡዳ በላው እንል ይሆን?

ሌሎች በዘር የሚወረሱ ነገሮችንም ባጭሩ እናንሣ፤ መንገዳቸው አንድ አይደለምና። አንዳንዱ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ብቻ ቢለወጥ ይታያል። ስድስት ጣት ይዞ መወለድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች ካልተበላሹ አይታይም። አልቢኖ ሆኖ መወለድ ከዚህ ነው። እናትና አባት ሁለቱም ጤነኛ መስለው አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ ከሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱን የመውሰድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት በሽታም በዚሁ መንገድ ይወረሳል፤ ወባ በበዛበት ቆላ አገር ይበረታል። ዘመዳሞች ሲጋቡ እንዲህ ያሉት በሽታዎች ይበዛሉ፤ ሁለቱም የአንድ አያት የተበላሸ ቅጂ ሊይዙ ይችላሉና። ሰባት ቤት መቁጠር ለዚህ ይረዳል። ለሄሞፊሊያ ግን አያስጥልም፤ የእናት አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃዋል፤ ባልየው ከየትም አገር ቢመጣ ያው ነው።

ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቅድመ አያት የመጣ ውርስ አይደለም። ልጁ ሲፀነስ 21ኛው ክሮሞዞም አንድ ተጨምሮ 47 ስለሚሆን ነው፤ የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል። ሾተላይ የሚባለውም በሐኪም ዘንድ ሌላ ነገር ነው። የእናት ደም «አርኤች ኔጋቲቭ» ሆኖ የፅንሱ «ፖዘቲቭ» ሲሆን የእናት ደም የሚቀጥሉትን ልጆች ደም ያጠቃል፤ ልጁ ቢጫ ይሆናል ወይም ይሞታል። ለእሱ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ አለው። እኛ ግን ልጅ የሞተባትን ሴት ሁሉ ሾተላይ ስንል ኖረናል።

አሁን ምልክቶቹን በተለይ እናቶች ልብ በሉ። ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉልበቱና ደረቱ ያለ ምክንያት እየበለዘ ያብጣል። መርፌ የተወጋበት ቦታ ይቋጥራል። ከንፈሩን ወይም ምላሱን ቢነክስ ቀኑን ሙሉ ይደማል። ከፍ ሲል ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ ይግላል፣ ያመዋል። ይህ ደም ወደ መገጣጠሚያው ሲፈስ ነው፤ ሲደጋገም ልጁን ያሽመደምደዋል። ሲገረዝ ያልደማ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለትም አይደለም፤ አንዳንዱ በሽታው ቀላል ስለሆነ ጥርስ ሲነቀል ወይም ሲቆስል ነው የሚታወቀው። ራሱን የተመታ ልጅ ግን ደም ቢታይም ባይታይም «ይተኛ» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ይህን ብናውቅ ኖሮ ያ የሁለት ዓመት ልጅ…

የማይደረጉትንም እንናገር። ያበጠ ጉልበት ለወጌሻ አይሰጥም፤ ወጌሻን ንቀን ሳይሆን፣ ማሸት ደሙን ስለሚያብሰው ነው። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት ለማንም ልጅ አይበጅም፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ሞት ነው። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ደምን ስለሚያቀጥኑ አይሰጣቸውም፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ክትባት ግን አይቀርም፤ ጥፋቱ የክትባቱ አይደለም። ለነርሷ አስቀድሞ ከተነገራት በቀጭን መርፌ ትወጋና ቦታውን ደህና አድርጋ ትጫናለች። ሲደማ ወይም ሲያብጥ ልጁን አሳርፎ፣ ቦታውን ከፍ አድርጎ፣ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዞ፣ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሕክምናው አለ። በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል ባይሆንም፣ የጎደለውን የደም ማርጊያ በደም ሥር ይሰጡታል፤ ያ ባይገኝ ከደም የተለየው ፕላዝማ ይረዳል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዚህ የሚታዩበት ክፍል አለ፤ የበሽተኞችና የወላጆች ማኅበርም ተቋቁሟል። መድኃኒቱ እጅግ ውድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በእርዳታ ከሚልክላቸው አገሮች አንዷ አገራችን ናት። ያ የሰፈራችን ልጅ የተገረዘው እዚያው ሆስፒታል መድኃኒቱ ተሰጥቶት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሲስቅ አይተነዋል።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእናት ነው» የሚል እንዳይኖር አደራ። እናትየዋ መርጣ አልሰጠችም፤ ያላትን ሰጠች። እሷም ከእናቷ፣ እናቷም ከፊተኞቹ ነው ያገኙት። ደግሞም ከሦስት በሽተኞች አንዱ ያህል በዘሩ ማንም ያልታመመበት ነው፤ ለውጡ በዚያው ትውልድ እንደ አዲስ ይጀምራል። ባሏን ቢያስፈቷት ኖሮ ልጁ ከነበሽታው ይወለድ ነበር፤ የሚጠፋው ሐኪም ቤት የምትወስደው እናቱ ብቻ ነበረች። ተሸካሚ እናቶችም ራሳቸው በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ከልክ በላይ ሊደማቸው ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ፤ አፍረው አይደብቁት።

በመጨረሻ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ለመጠየቅ የምትሄዱ እናቶች ከገንፎው ጋር ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «ከእናቱ ወንድሞች፣ ከአክስቶቹ ልጆች በደም የተቸገረ አለ ወይ?» አለ ከተባለ ልጁ ሳይመረመር አይገረዝ። ስምንተኛው ቀን ቢያልፍ ልጁ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ የሟቾች መዝገብ ላይ «በድንገት» የሚለው ቃል ይቅር። ቤተሰቡ ከፈቀደ ምክንያቱ ይጻፍ፤ የሕፃን ከሆነ የእናቱም ስም ከነአባቷ ይጻፍ። መዝገቡም እንደ ቀድሞው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የሰው ገመና ነውና። አምዱን እኛ በማስመሪያ እናሰምራለን፤ ለዚህ ወጪ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። እድራችን ለሳጥንና ለድንኳን የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወጣል፤ በዚህም እንመሰገናለን። በ1998 ዓ.ም. በዚያች ሌሊት ግን ያ አባት ሦስት ቤት ሲያንኳኳ የእድሩ ገንዘብ በሣጥኑ ውስጥ ነበረ፤ ቁልፉም በእኛ ኪስ ነበረ። ደንቡ ለሞተ እንጂ ለሚሞት አይፈቅድም ነበርና አላወጣንም። በማግስቱ ጠዋት ለዚያው አባት የቀብር ወጪ ብለን ቆጥረን ሰጠነው፤ አስፈረምነውም። ፊርማው እስከ ዛሬ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ባየነው ቁጥር እጃችን ይከብደናል። ስለዚህ ለድንገተኛ ሕመምተኛ መጓጓዣ የሚሆን፣ በሁለት ሰው ፊርማ በሌሊትም ቢሆን የሚወጣ፣ በየወሩ የሚመለስ ጥቂት የብድር ገንዘብ ከተቀማጩ እንዲለይ በእጃችሁ ብታጸድቁልን እንለምናለን።

እድር የተቋቋመው ለመቅበር ነው፤ ይህን አንክድም። ግን ቆይቶ የሚቀበር ሰው ብዙ ዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ በሒሳብም ቢሆን አያከስረንም!